ሁለት ዓይነት ጫጩት፣ አንድ መጠጫ

አማርኛ ከእንቁላል ለሚፈለፈል የወፍ ልጅ ሁሉ «ጫጩት» የሚል አንድ ስም ሰጥቶ የዶሮውን፣ የዳክዬውን፣ የጅግራውንና የእርግቡን ልጅ የአንድ እናት ልጆች ይመስል በአንድነት ሲጠራ ኖሯል። ዘርፉም በመንግሥት ሰነድም ሆነ በገበያ ቋንቋ «ዶሮ እርባታ» ስለሚባል፣ ዶሮ ያልሆነ የቤት ወፍ ሁሉ የዶሮ ዘመድ፣ ቢበዛ ጠባዩ ትንሽ ለየት ያለ ዶሮ ተደርጎ ይታሰባል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በየዓመቱ ያወጣ በነበረው የእንስሳት ሀብት ናሙና ጥናት ውስጥ እንቁላል ጣይዋ፣ የማትጥለዋ፣ ቄቧ፣ ጫጩቱና አውራው የየራሳቸው ዓምድ ሲኖራቸው ዳክዬ ዓምድ አልተከፈተለትም፤ በ2013 ዓ.ም. ወደ 57 ሚሊዮን የተገመተው የአገሪቱ ሀብትም የዶሮ ቁጥር ነው። ከዚህ የስም አንድነት በመነሳት በአርቢዎችም፣ በመካሪዎቻቸውም ዘንድ ጸንቶ የቆየ አንድ አስተያየት አለ፦ የዳክዬና የዶሮ ጫጩቶችን በአንድ ሳጥን፣ በአንድ መኖና በአንድ መጠጫ ማሳደግ የሚቻል ብቻ ሳይሆን ለድሃ ቤት የሚበጅ ብልሃት ነው የሚል። ይህ አስተያየት የተሳሳተ ነው፤ እንደ ኮኪት ባለ ቆላ ደግሞ ስህተቱ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከፋል፤ የመጀመሪያው ምክንያትም ውኃ ነው።

ኮኪት ከገንዳ ውኃ ተነስቶ በሱዳን ድንበር ወዳለችው መተማ ዮሐንስ በሚያደርሰው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በታች በሆነ ሜዳ ላይ የተቀመጠች የምዕራብ ጎንደር ከተማ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የቀን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስበትና የሚያልፍበት ቀን ጥቂት አይደለም። ዝናቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ አፈሩም በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚያጣብቅና የሚያላቁጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ መሬት ነው። ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚበቅሉበት፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ በሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ ምክንያት የዶሮና የእንቁላል ፍላጎት በመስከረምና በጥቅምት የሚያሻቅብበት አገር በመሆኑ ዶሮ ማርባት ለቤት እመቤቷ ጥሩ ገቢ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም በየቦታው ጫጩት ማሳደግን የዕለት ወሬ አድርጎታል። ዳክዬ ግን በዚህ አገር ገና ብርቅ ነው። ሥጋው በአብዛኛው የክርስቲያን ገበታ የማይቀርብ በመሆኑ የሚፈለገው ለእንቁላሉ፣ ለግቢ ጌጥና ለልጆች መደሰቻ ነው። ስለ ብርቅ ወፍ ይህን ያህል መሟገት ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ ልማድ ከመስፋቱ በፊት መሟገት ከሰፋ በኋላ ከመሟገት ይቀላል የሚለው መልስ በቂ ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር በቅን ልቦና ሲቀርብ አራት እግር አለው። አንደኛው የድካም ቁጠባ ነው፤ አንድ ጠባቂ፣ አንድ ቤት፣ አንድ የመኖ ጆንያ ይበቃል ይላል። ሁለተኛው ከቆላው ጠባይ ይነሳል፦ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ስለሚፈልግ በደጋው ዘንድ ማሞቂያው ሁለቱን ወፎች ሲያለያይ፣ ኮኪት ላይ ግን አየሩ ራሱ ማሞቂያ ስለሆነ የሚለያያቸው ነገር የለም ይላል። ሦስተኛው የእናቲቱ ምስክርነት ነው፤ ዶሮ የዳክዬ እንቁላል ታቅፋ ስትፈለፍልና እንደ ልጆቿ ስትመራቸው በዓይን ይታያልና። አራተኛው ደግሞ የሩቅ ምሥራቅ ገበሬ ሁለቱን ወፎች በአንድ ግቢ ሲያረባ ሺህ ዓመታት ማስቆጠሩን ይጠቅሳል። አራቱም ከእውነት የተቆረሱ ናቸው፤ ጉድለታቸው ግን ወፎቹ አንድ ላይ በሕይወት መቆየታቸውን አንድ ላይ መልማታቸው አድርገው መቁጠራቸው ነው።

የዳክዬ ጫጩት እንዴት እንደሚበላ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ ምስክር አይፈልግም። የዶሮ ጫጩት በሾጣጣ ምንቃሩ አንዷን ፍሬ ለይቶ ይለቅማል፣ በእግሩ ይጭራል፣ ጥቂት ውኃ ጎንጨት አድርጎ አንገቱን ወደ ላይ ያቀናና ይውጣል። የዳክዬው ግን የተፈጨውን መኖ በጠፍጣፋ ምንቃሩ አፍሶ ሳይውጥ ወደ መጠጫው ይሮጣል፤ ምንቃሩን እስከ ዓይኑ ነክሮ ያጥበዋል፣ ከአፉ የቀረውን ውኃው ውስጥ ይተፋዋል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ከዚያም እየተንጠባጠበ ወደ መኖው ይመለሳል። ይህን በሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሰዋል። ጥጋብ ወይም ብልግና አይደለም፤ የአፍንጫው ቀዳዳና የዓይኑ ጠርዝ የሚጸዳው በመነከር ስለሆነና ደረቅ ዱቄት በጉሮሮው ያለ ውኃ ስለማይወርድለት ተፈጥሮው የሚያዘው ሥራ ነው። ጠዋት የተሞላ መጠጫ ረፋዱ ላይ ቀጭን አጥሚት፣ እኩለ ቀን ላይ የኮመጠጠ ሊጥ ይሆናል፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት ያ ሊጥ ጀርምና ሻጋታ ለማፍላት የሚፈጅበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። የዶሮ ጫጩቶቹ የሚጠጡት ይህንኑ ነው።

የመጠጫው ጥልቀትም ለሁለቱ አይታረቅም። ዳክዬው ራሱን ለመንከር ጥልቅ ዕቃ ሲፈልግ፣ የአንድ ሳምንት የዶሮ ጫጩት ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ከገባ ላባው ውኃ ጠጥቶ ይሰጥማል፣ ባይሰጥምም ረጥቦ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። በየቤቱ የሚታወቀው መፍትሔ ሳህኑ ላይ ጠጠር መደርደር ሲሆን ይህ ለዶሮ ጫጩት ብቻ በሚሆን ጊዜ በእርግጥ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዳክዬ ሲጨመርበት ግን በጠጠሩ መካከል የተሸጎጠው የመኖ ዝቃጭ እጅ ስለማይደርስበት ይበሰብሳል። ኮኪት ላይ ብዙው ቤተሰብ ውኃውን በጄሪካን ቀድቶ ወይም ገዝቶ የሚጠቀም በመሆኑ፣ የረከሰውን ደፍቶ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ንጹሕ መሙላት በምክር መጽሐፍ ላይ ለመጻፍ እንጂ በእመቤቲቱ ትከሻ ላይ ለመጫን የማይቀል ሸክም ነው። ድካም ለመቆጠብ የተደረገ ማቀላቀል በዚህ መንገድ ድካሙን ከጥበቃ ወደ ውኃ መቅዳት አዛወረው እንጂ አልቀነሰውም።

እዚህ ላይ ከቆላው ጠባይ የሚነሳው ክርክር ራሱን ይቃረናል። የኮኪት በጋ ለጫጩት አሳዳጊ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ሙቀቱ ሳይሆን ድርቀቱ ነው። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው፣ አርቢዎች ደም በተቀላቀለበት ተቅማጡ የሚያውቁት የጫጩት በሽታ የሚመጣው በአንጀት ውስጥ ከሚራባ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ሲሆን፣ ከኩስ ጋር የሚወጣው የጥገኛው እንቁላል ሌላ ጫጩት ለመያዝ የሚበቃው እርጥበት፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት አግኝቶ ከበሰለ በኋላ ብቻ ነው፤ ይህም ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈጸማል። ደረቅ ጉዝጓዝና የሚያቃጥል ፀሐይ ይህን እንቁላል በነፃ ይገድሉታል፤ በደጋ ያለ አርቢ መድኃኒት የሚገዛበትን ጥበቃ የኮኪቱ አርቢ ከሰማይ ያገኘዋል። የዳክዬ ኩስ ግን ከመቶው ወደ 90 እጁ ውኃ ነው፤ በዚያ ላይ ከመጠጫው የሚረጨው ሲጨመር ጭዱ ወይም ሰጋቱራው በሁለት ቀን ውስጥ ከሥሩ ይበሰብሳል። ኮክሲዲያ የሚባለው ይህ የዶሮ ጥገኛ ዳክዬን አይዝም፤ ዳክዬው በሽታውን ሳይካፈል አልጋውን ያነጥፍለታል። ከእርጥብ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ የተባለው የሚያስነጥስ ጋዝም የጫጩቱን ዓይንና የመተንፈሻ አካል እያቆሰለ ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል። ከእንግዲህ ኮኪት ለዶሮ ጫጩት በበጋም ክረምት ሆነችበት ማለት ነው።

ክትባቱም በዚያው ውኃ በኩል ይመጣል። በአገሪቱ ዶሮ ሁሉ የሚፈራው ፈንግል፣ በሳይንሱ አጠራር ኒውካስል የሚባለው የቫይረስ በሽታ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግቢ ሊያራቁት የሚችል ሲሆን፣ በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ከሚያወጣቸው የፈንግል ክትባቶች መካከል ላሶታ የተባለው ብዙውን ጊዜ በመጠጥ ውኃ ይሰጣል። የአሰጣጡ ስሌት ቀላልና ጥብቅ ነው፦ ጫጩቶቹ ለጥቂት ጊዜ ውኃ ይነፈጋሉ፣ ከዚያ በቁጥራቸው ልክ የተለካው ክትባት ያለበት ውኃ ይቀርብና በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ እንዲያልቅ ይደረጋል። ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ቆሻሻና ሙቀት ያዳክሙታል። አምስት የዳክዬ ጫጩቶች ከሃያ የዶሮ ጫጩቶች ጋር በአንድ መጠጫ ሲሰለፉ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከድርሻቸው በላይ ይጠጣሉ፣ የቀረውን በመኖ ያደፈርሱታል፣ ሌላውን ይደፉታል፤ ከሃያዎቹ መካከል ማን በቂ መጠን እንዳገኘ የሚያውቅ የለም። ከወር በኋላ ፈንግል ሲገባ ጥፋቱ የክትባቱ ነው ይባላል፤ «ክትባት አይሠራም» የሚለው ወሬም ከግቢ ወደ ግቢ ይዛመታል።

ስለ መኖ የሚቀርበው «አንድ ጆንያ» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ በማሽላ አገር ላይ በተለይ ይሰናከላል። ናያሲን ወይም ቫይታሚን ቢ3 የተባለው ንጥረ ነገር ለወፍ አጥንትና ነርቭ አስፈላጊ ሲሆን፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአእዋፍ የምግብ ፍላጎት ሠንጠረዥ በአንድ ኪሎ መኖ ለእንቁላል ዶሮ ጫጩት 27፣ ለሥጋ ዶሮ ጫጩት 35፣ ለዳክዬ ጫጩት ግን 55 ሚሊግራም ይመድባል። የዶሮ ጫጩት ጉድለቱን ትሪፕቶፋን ከሚባለው የፕሮቲን ክፍል በመቀየር በከፊል ሊሸፍን ይችላል፤ ዳክዬ በዚህ ደካማ ነው። በማሽላና በበቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን ደግሞ አብዛኛው ከሌላ ነገር ጋር ተቆራኝቶ ስለሚገኝ በአንጀት አይለቀቅም፤ ጎፓላንና ስሪካንቲያ የተባሉት የሕንድ ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. በሃይደራባድ አካባቢ ማሽላ ብቻ በሚመገቡ ድሆች ላይ ፔላግራ የተባለው የናያሲን ጉድለት በሽታ መኖሩን ማሳየታቸው እህሉ ለሰውም ቢሆን በብቸኝነት የማይበቃ መሆኑን ይመሰክራል። በተሰባበረ ማሽላ ብቻ የሚያድግ የዳክዬ ጫጩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ይንጋደዳሉ፣ በመጨረሻም በደረቱ ይንፏቀቃል፤ ከጎኑ የቆመው የዶሮ ጫጩት ግን ያንኑ በልቶ ይሮጣል። ባለቤቱም ዳክዬውን ዶሮ ረግጦት ወይም ከፍ ካለ ቦታ ወድቆ እንደ ተሰበረ ይገምታል። ለዳክዬው ከጠላ አተላ የሚገኘው እርሾ ጥሩ የናያሲን ምንጭ ስለሆነ ጥቂት ቢጨመርለት ይጠቅመዋል፤ ይሁንና እርጥብ አተላ በጋራ ገበታ ላይ ሲቀርብ ወደ ቀደመው የእርጥበት ችግር ይመልሳል። ሁለት ገበታ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከናያሲኑም የባሰው የሻገተ እህል ነገር ነው። በየቤቱ ለሰው ያልሆነ እህል ለዶሮ ይሆናል የሚል የቆየ ደንብ አለ፤ ዝናብ የነካው ማሽላ፣ የሻገተ ለውዝ፣ ከጎተራ ሥር የተጠረገ ብስባሽ ሁሉ ግቢው ላይ ይበተናል። የዶሮ ጫጩት ይህን ሲበላ ቢከሳና እድገቱ ቢዘገይም ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ ባለቤቱም ከዚህ ተነስቶ እህሉ አይጎዳም ብሎ ይደመድማል። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች ምክንያቱ ሳይታወቅ አልቀው ጉዳዩ ሲመረመር መንስኤው ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ ምርመራ የወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ፣ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ጎተራ ከሚበቅል አረንጓዴ ሻጋታ የሚመነጭ የጉበት መርዝ ማለት ነው። በዚያው ክስተት የዳክዬ ጫጩቶችም አልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ቤተ ሙከራዎች አንድ እህል መርዝ እንዳለበት ለማወቅ ሲፈልጉ ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙት በዳክዬ ጫጩት ጉበት ነበር። ለዚህ ሥራ የተመረጠው ከሚታወቁት እንስሳት ሁሉ ለመርዙ እጅግ ስስ ከሆኑት አንዱ በመሆኑ ነው፦ የአንድ ቀን የዳክዬ ጫጩትን የሚገድለው መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከግማሽ ሚሊግራም በታች ሲሆን፣ ለዶሮ ጫጩት ከ6 ሚሊግራም በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ገበታ ላይ የተበተነ አንድ እፍኝ የሻገተ ለውዝ ለአንዱ እንግዳ ራት፣ ለሌላው መግነዝ ሊሆን ይችላል። ሳይንሱ መመርመሪያ አድርጎ የመረጠውን ወፍ የጎተራ ጠራጊ ማድረግን ብልሃት የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ከምን ላይ እንደሚጥሉት ግልጽ አይደለም።

የሩቅ ምሥራቁ ምሳሌ በበሽታ በኩል ሲታይ ለተጠቀሰበት ዓላማ ተቃራኒ ምስክር ይሆናል። ዳክዬ የፈንግልንም ሆነ የወፍ ጉንፋንን ቫይረስ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ወይም ጥቂት አሳይቶ በአንጀቱ ይዞ በኩሱና በጠጣበት ውኃ ሊረጨው ይችላል፤ ዶሮ ግን ያንኑ ቫይረስ ሲያገኝ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ሆንግ ኮንግ በ1997 እ.ኤ.አ. ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ወደ ሰው ተሻግሮ 18 ሰዎች ሲታመሙና 6ቱ ሲሞቱ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶሮና መሰል ወፍ አስወገደች፤ ገበያው በቀጣዩ ዓመት ሲከፈት ከወሰደቻቸው ዋና ዋና እርምጃዎች አንዱ ዳክዬና ዝይ በሕይወት እያሉ ከዶሮ ጋር በአንድ ገበያ እንዳይቀርቡ መከልከልና ለብቻ እንዲታረዱ ማድረግ ነበር። በታይላንድም በ2004 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ላይ የተደረገው ጥናት በሽታው የጸናው በሩዝ ማሳ ላይ ተለቀው የሚሰማሩ ዳክዬዎች በበዙበት አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱን ወፎች ለሺህ ዓመታት አንድ ላይ ያረባው ዓለም ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ለማለያየት እየጣረ ሳለ፣ ገና ያልጀመረው ኮኪት ልማዱን እንዲቀዳ መምከር የኋላውን የፊት ማድረግ ነው።

ኮኪት ደግሞ የድንበር መንገድ ናት። በሱዳን በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. በካርቱምና በገዚራ ኤች5ኤን1 መገኘቱ ተረጋግጧል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዚያ አገር በተነሳው ጦርነት ምክንያት በመተማ በኩል ብዙ ሕዝብ ገብቷል፣ የእንስሳት ጤና ቁጥጥርም በጦርነት ውስጥ ባለ ጎረቤት ዘንድ እንደማይጠነክር መገመት አያዳግትም። በዚያው በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በአንድ የዶሮ ማባዣ ማዕከል በርካታ ዶሮዎች አልቀው ጥርጣሬ ሲነሳ፣ ምርመራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን ቢያረጋግጥም የዶሮ ገበያ በወሬ ብቻ ተናግቶ እንደ ነበር የሚዘነጋ አይደለም። በመተማ መንገድ ላይ የሚሸጥ ዶሮ ከደጋ በአይሱዙ አናት፣ ከሱዳን ወገን በእግር፣ ከገጠር በቅርጫት ይመጣል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ሳይታመም የሚያሳምም ወፍ ከጫጩቶች ጋር በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውን ደወል መፍታት ነው፤ ዳክዬው አይሞትምና።

የእናቲቱ ምስክርነት ከሁሉም የሚማርክ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉም ይልቅ ያሳስታል። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ ስለ አማልክት ባሕርይ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ በዶሮ የተፈለፈሉ የዳክዬ ጫጩቶች ውኃ ባዩ ጊዜ አሳዳጊያቸውን ጥለው እንደሚገቡ ያነሳል፤ ነገሩ እንግዲህ ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። ሲሴሮ ያነሳው ግን ተፈጥሮ ለእያንዳንዱ የራሱን ጠባይ እንደ ሰጠች ለማሳየት ነበር፣ ሁለቱ አንድ ናቸው ለማለት አይደለም። የተፈለፈለ ጫጩት በመጀመሪያው ቀን ያየውን ተንቀሳቃሽ ነገር እናቱ አድርጎ የሚከተል መሆኑን ኮንራድ ሎሬንዝ በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናቱ ሲያስፋፋው የዝይ ጫጩቶች ራሱን ሎሬንዝን ይከተሉት ነበር፤ መከተል የዝምድና ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ሰውየውም ዝይ ሊባል ነው። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን፣ የተለመደው ዳክዬ በ28 ቀን፣ ሞስኮቪ የሚባለው የአሜሪካ ዝርያ ዳክዬ በ35 ቀን ገደማ ስለሚፈለፈል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማስታቀፍ የሚፈልግ ሰው የዳክዬውን እንቁላል በሳምንት ማስቀደም ግድ ይሆንበታል፤ ሳያስቀድም ከታቀፉ ዶሮዋ የራሷን ፈልፍላ ስትነሳ የዳክዬው እንቁላል ቀዝቃዛ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ተሳክቶ በአንድ ቀን ቢወጡ እንኳ ክረምት ላይ ግቢው ኩሬ ሲያቁር ዳክዬዎቹ ይገባሉ፣ ዶሮዋ ዳር ላይ እየተንቆራጠጠች ትጮኻለች፣ የራሷ ጫጩቶች በዝናብ ውስጥ ክንፏ ሥር መግባት አቅቷቸው ይበተናሉ፤ ጭልፊት ደግሞ የተበተነ ጫጩት ይወዳል። ይህን ያየ ሰው የዶሮዋን ፍቅር ማድነቁ ተገቢ ነው፤ ከፍቅሯ ተነስቶ ስለ አስተዳደግ ሕግ ማውጣቱ ግን አይደለም። ከዶሮ ጋር ያደገ ወንድ ዳክዬ ሲጎለምስ ዶሮዎችን እንደ እንስቶቹ ቆጥሮ ሊጋልባቸው እንደሚነሳና እንደሚጎዳቸውም የሚታወቅ ነገር ነው።

የዳክዬና የዶሮ ነገር ብቻ ስለመሰለ ይህ ክርክር ጠባብ ሊባል ይችል ይሆናል፤ ይሁንና ቴዎባልድ ስሚዝ በ1895 እ.ኤ.አ. በሮድ አይላንድ የተርኪዎችን ጉበትና ትልቅ አንጀት የሚያቆስለውን በሽታ ከገለጸ በኋላ በተከታዮቹ ዓመታት እንደ ተረጋገጠው፣ ያን በሽታ የሚያቀብለው ራሱ ብዙም የማይታመመው ዶሮ ነው፤ ጥገኛው የሚጓዘውም በዶሮ አንጀት ውስጥ በሚኖር ትንሽ ትል እንቁላል ውስጥ ተሸሽጎ ነው። በዚህኛው ጥንድ ደግሞ ዝምተኛው ተሸካሚ ዶሮ ሆነ። በቆላው ጫካ እንደ ልብ በሚገኘው ጅግራም ላይ ቢሆን፣ ከዱር የተለቀመ እንቁላሉን ለዶሮ ማስታቀፍ የሚያስብ ሰው ጫጩቶቹ ከዶሮው የበለጠ ፕሮቲን እንደሚሹ ማሰብ ይኖርበታል።

በዚህ ሁሉ ላይ ግን ሊታለፍ የማይገባው አንድ መልስ ይቀራል፤ እርሱም የድሃው ቤት መልስ ነው፦ ሁለት ቤት የሚሠራበት ገንዘብ፣ ሁለት ጠባቂ የሚቀጥርበት አቅም የት አለ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መለየትን እንደ ሁለተኛ ቤት መቁጠሩ ነው። የዚያ አካባቢ ጫካ የቆላ ቀርከሃ ያበቅላል፤ ጥቂት የተሰነጠቀ ቀርከሃ በልጥ ተጠፍሮ የጉልበት ቁመት ያለው አጥር ቢሆን አንዱን መጠለያ ለሁለት ይከፍለዋል። ዋናው ነገር የዳክዬው ወገን ከተዳፋቱ በታች መሆኑና መጠጫው ከጉዝጓዙ ወጥቶ በጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ላይ በተረበረበ ቀርከሃ መቀመጡ ነው፤ የሚረጨው በጠጠሩ መካከል ይወርዳል፣ ቀኑ ሲመሽ የሚደፋው አጥሚት የመሰለ ውኃም ለጓሮው ፓፓያ ወይም ሎሚ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። አንድ ሰው ሁለቱንም ይጠብቃል። ሲያገለግል ግን ሥርዓት ይዞ ነው፦ ጠዋት ውኃው መጀመሪያ ለዶሮ ጫጩቶች ይቀዳል፣ ጉዝጓዛቸው ይነካል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዳክዬዎቹ ይኬዳል፤ ከዳክዬዎቹ ወደ ዶሮዎቹ እግርና እጅ ሳይታጠቡ አይመለሱም። ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ሰፊና ደረቅ ግቢ ላይ ቀን ቀን አብረው መዋላቸው ያን ያህል አያስደነግጥም፤ የጫጩትነት ስድስትና ስምንት ሳምንት ግን ሌላ ነው።

ለዚህም የሚሆን አንዲት ጄሪካን የማይተርፈው ቤት ካለ፣ እርሱ ሊመርጥ ይገባል፤ በኮኪት ሁኔታም ምርጫው ለዶሮ ጫጩት ነው። ዳክዬ በአማራ ክልል የራሱ ቦታ ይኖረው ይሆናል፤ ከጣና ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ውኃ ውስጥ ቆሞ በሚበቅልበት ምድር ጃፓንና ቻይና እንደሚያደርጉት በሩዙ መካከል ሊሰማራ፣ አረምና ተባይ ሊለቅም ይችላል፤ ያን መሞከር የሚፈልግ ተመራማሪ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር ማዕከል ያገኛል። እዚያም ቢሆን የገበሬው ዶሮዎች ከማሳው ማዶ፣ በደረቁ ደጃፍ ላይ ናቸው።